ስልሳ አራት ከመቶ

ጁባ፣ ካስተም
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሮዳስ፣

መምህርታችን ወይዘሮ ራሄል ደብዳቤ በጤና ይጀምራል ብላናለች። ስለዚህ ጤናሽ እንዴት ነው? የእናትሽስ ወገብ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁ፤ በካስተም ገበያ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ደህና ሰው ካለ መጥቶ ይመዝገብ።

«በእጅህ ነው የጻፍከው ወይስ አስጽፈህ ነው?» ላልሽው፣ ይኸውልሽ፣ በእጄ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስምንት ወር የማታ ትምህርት ተምሬ ከአሥራ አንድ ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ። እርግጥ ከአሥራ አንዱ አራቱ የጭነት መኪና ሹፌሮች ናቸው፤ ግማሹን ጊዜ መንገድ ላይ ነበሩ። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ፎቶ ቤት ስሠራ ኮምፒዩተሩን በሥዕሉና በቀለሙ ብቻ ነበር የማውቀው፤ መጥረጊያው የት እንዳለ፣ ማድመቂያው የት እንዳለ። አሁን ስም መጻፍ፣ ደረሰኝ መሙላት፣ ሁሉንም እችላለሁ። ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም የምልክልሽም ለዚህ ነው። ድምፅማ ማንም ይልካል።

«በቪዲዮ ደውልና ፊትህን እንይ» ብላለች እናትሽ። ኔትወርኩ አይሆንም በያት። የጁባ ኔትወርክ ድምፅን ራሱ እያነከሰ ነው የሚያደርሰው፣ ፊት ቢጫንበት መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። በመስከረም የላክሁላችሁን ፎቶ እዩ። እኔ እሱ ነኝ፤ ያውም ያን ቀን አላማረብኝም ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ስለ ፊት ሚዛኑ የነገርኩሽ እውነት ነው። ከካምፓላ ዕቃ ጭኖ የመጣ ሹፌር ነው ስልኬ ላይ የጫነልኝ። ፎቶ ስታሳዪው ፊቱ ላይ አረንጓዴ መስመር ያሰምራል፤ ከዓይን እስከ ዓይን፣ ከአፍንጫ እስከ አገጭ ይለካል፤ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ያያል። ከዚያ ውበትሽ ከመቶ ስንት እንደሆነ ይነግርሻል። ካስተም በዚህ ሰሞን ሥራ ፈትቷል። ሳሙናና ቅባት በጅምላ የምትሸጠው ጎረቤቴ ጀንነት ሰባ ሁለት አግኝታ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ከድንች ሻጮቹ አንዱ ሰማንያ አምጥቶ ድንቹ ላይ ዋጋ ጨምሯል። እኔ ዘጠና አንድ ነኝ። እኔ አልኩ እንዳትዪ፣ ስልኩ ነው ያለው።

«እኔስ ስንት አመጣለሁ?» ብለሻል። ለእንቁጣጣሽ የተነሳሽውን ፎቶ አስገባሁት። ስልሳ አራት አለ።

አትደንግጪ። አጎትሽ ማን ሆነና። ምክንያቱን ወዲያው ነው ያገኘሁት፤ ቀኝ ጉንጭሽ ላይ ማርያም የሳመችሽ ቦታ ነው። ጥቁር ስለሆነና የሎሚ ግማሽ ስለሚያህል ስልኩ ግራና ቀኝሽን አንድ ማድረግ አቅቶታል። አፍንጫሽም ትንሽ ቀንሶብሻል፤ እሱ የቤታችን አፍንጫ ነው፣ እናትሽን ጠይቂ። ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራሁ። ምልክቱን ጠረግሁት፣ አፍንጫውን ሰበሰብኩት፣ ጉንጩን በትንሹ ገፋሁት። መልሼ ባስገባው ሰማንያ ስምንት። በአንድ ሰዓት ሃያ አራት ነጥብ። እንዲህ ያለ አስተማሪ ትምህርት ቤታችሁ የለም።

ፎቶው ከደብዳቤው ሥር አለ። ለጓደኞችሽ አሳያቸው፤ ማን እንደሠራውም መንገር አትርሺ።

አጎትሽ ምንያህል


አሰላ
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለእማዬ አነበብኩላት፤ የኔን ክፍል ግን ዘለልኩት። ስለ ድንች ሻጩ ስትሰማ በጣም ሳቀች።

ፎቶውን አይቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ምልክቱ ለብቻው ስንት ነው የቀነሰብኝ? አፍንጫዬንስ ለብቻው መለካት ይቻላል?

ቴሌግራም ላይ አድርጌው ሠላሳ አንድ ሰው ወዶታል። ከክፍላችን ልጆች አንዷ ግን «ይቺ የአክስትሽ ልጅ ናት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ለምን እንዳልኳት አላውቅም።

ልጅ ሆኜ መንገድ ላይ ሰው ጉንጬን ሲያየኝ እማዬ «ማርያም የሳመቻት ናት» ትል ነበር። እኔ ደግሞ ሌሎቹን ልጆች ማርያም ስላልሳመቻቸው አዝንላቸው ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ተጀምሯል፤ እስከ ጥር 16 ነው። ፎቶ ይፈልጋሉ። አንተ የሠራኸውን እወስዳለሁ። ስለ ቁጥሩ ለእማዬ እንዳትነግርብኝ።

ሮዳስ


ጁባ፣ ካስተም
ታኅሣሥ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሮዲ፣

ጤናን ዛሬ ልዝለለው። እናትሽ ትናንት በድምፅ መልእክት ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሰድባኛለች፤ ትንፋሽ ስትወስድ የሰማሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁሉን ነግራኛለች። የሚመዘግበው መምህር እኔ የሠራሁትን ፎቶ ከፊትሽ አጠገብ ይዞ አንዴ እሱን አንዴ አንቺን አይቶ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ «የራስሽን አምጪ» አለሽ። ከሰልፉ ወጥተሽ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት የምትሄጂው ጉንጭሽን በሻርፕ ሸፍነሽ ነው። አሁን ተማሪውን እዚያው ራሳቸው ነው ፎቶ የሚያነሱት፤ አንቺ ግን ካሜራ ፊት አልቆምም፣ ፈተናውም ይቅርብኝ ብለሻል። አሥራ ሁለት ዓመት ተምረሽ።

ዛሬ መጀመሪያ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ቀልድ ብቻ ነበር። ቀደድኩት። ይሄኛውም ቀልድ አያጣም፤ የተፈጠርኩበት ነገር ስለሆነ ቻዪው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ለፓስፖርት ፎቶ መጡ። የአገሩ ሰው ናቸው፤ ቁመታቸው ከበሬ በላይ ስለሆነ ጎንበስ ብለው ነው የገቡት። ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚደርስ ስድስት መስመር አለ። እዚህ አገር ከአንዳንዱ ወገን ዘንድ ልጁ ወንድ ሆነ ሲባል በስለት የሚወጣ ምልክት ነው። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ስድስቱንም ጠረግኋቸው። እጄን ታውቂዋለሽ፣ ግንባራቸው እንደ ሕፃን ግንባር ሆነ። አራት ቅጂ አትሜ በኩራት ሰጠኋቸው።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ወለድ ዴ ሙኑ?» አሉኝ። ይሄ ልጅ ማነው ማለታቸው ነው።

«እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«እኔ እዚህ ተቀምጫለሁ። ይሄ ልጅ በእኔ ፓስፖርት ወዴት ሊሄድ ነው?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ግንባራቸውን በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱና እንዲህ አሉኝ፤ «ይሄ ሲወጣልኝ አልጮህኩም። አባቴ ቆሞ አይቶኛል። አንተ ደግሞ በአንድ ጠዋት ወደ ጥጃ ጥበቃ መለስከኝ።» አልተቆጡም። ያለ ምልክት አዋቂ ወንድ የለም፣ እንደዚያ ነው ነገሩ እሳቸው ዘንድ፤ ልጅ ብቻ ነው ያለው። ተመልሰው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ያላ፣ አሁን እኔን አንሳኝ» አሉ። አነሳኋቸው።

ከሄዱ በኋላ የአንቺን ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ከፍቼ አየሁ። የሠራኋት ልጅ ታምራለች፣ ይሄን አልክድም። ግን እኔ ራሴ አላውቃትም። አጉርሻት አላውቅም። ትከሻዬ ላይ ተቀምጣ አልሸናችብኝም።

ይሄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የማስተካክለውም እኔ ነኝ። ጥር 16 ሳያልፍ ካሜራው ፊት ትቆሚያለሽ። እንዴት እንደሆነ ገና አላውቅም። ምንያህል አደርጋለሁ ያለውን ሳያደርግ የቀረበት ቀን ግን የለም፤ ካለም አልተመዘገበም።

አጎትሽ


ጁባ፣ ካስተም
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሮዲ፣

ሁለት ሳምንት አለፈ፣ መልስ የለም። ደብዳቤዬን እንደከፈትሽው ግን ስልኩ ያሳያል፤ ስለዚህ እያነበብሽ ነው ብዬ እቀጥላለሁ። በቤታችን ዝም ማለት የሚችል ሰው ታይቶ አይታወቅም፣ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ።

እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁለቱን ፎቶዎችሽን፣ ከነምልክትሽ ያለሽበትንና እኔ የጠረግሁትን፣ በትልቁ አትሜ ከሱቄ በር ግራና ቀኝ ሰቀልኳቸው። ስምሽን አልጻፍኩም፣ የማን ልጅ እንደሆንሽም አልተናገርኩም። የሚያልፈውን ሰው «የቷ ታምራለች?» እለዋለሁ፤ ከዚያ ወረቀቴ ላይ መስመር አሰምራለሁ። ስልኩ ስልሳ አራት ብሏል፣ እስቲ ሰው ደግሞ ምን እንደሚል ይታይ ብዬ ነው። አልደብቅሽም፣ በሰፊ ልዩነት እንደምታሸንፊ እርግጠኛ ስለነበርኩ የደስታውን ደብዳቤ አስቀድሜ ጽፌ ጨርሼ ነበር።

መጀመሪያ ጀንነት መጣች። የጠረግሁት ፎቶ ፊት ቆመችና «ይቺን አውቃታለሁ» አለች።

«አታውቂያትም።»

«አውቃታለሁ እንጂ። የሳሙና ካርቶን ላይ ያለችው ናት። መጋዘኔ ውስጥ አርባ ካርቶን ሙሉ እሷ አለችልኝ፤ አንድ ቀን ሰላም ብላኝ አታውቅም።» ከዚያ ወደ አንቺ ዞራ በእጇ አመለከተች። «ለዚችኛዋ አስምር። ቢያንስ የሆነ ቤት የተወለደች ትመስላለች።»

ቦዳ የምንላቸው የሞተር ታክሲ ነጂዎች ስምንት ሆነው መጡ፤ ስምንቱም የተጠረገችውን መረጡ። አንዱ መርጦ ከሄደ በኋላ ተመልሶ «እህትማማች ናቸው?» አለኝ። አንድ ሰው ናት ስለው ስልኩን አወጣና የራሱን ፎቶ ደቀነልኝ፤ «ለኔም እንዲህ አድርግልኝ» አለ። ይሄን ነገር አቁሜያለሁ ብለው ተቀየመኝ።

ሻይ የምታፈላው ኪደን ደግሞ ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ሁለቱን እያፈራረቀች አየች። «ሴሜ» አለች ለተጠረገችው፤ እዚህ ጥሩ ነው፣ ያምራል ለማለት ነው። «ይቺኛዋን ግን» አለች ወደ አንቺ፣ «ነገ ገበያ ውስጥ ባገኛት ትናንት አይቼሻለሁ እላታለሁ። ያቺን ባገኛት አላስታውሳትም።» የቷ ጋ ላስምርልሽ ብላት «ሁለቱም ጋ» አለችኝ። አይቻልም፣ ይቻላል ተባባልን፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ አንቺ ጋ ሆነች፤ የቀዘቀዘውን ሻይ ግን እኔ ጠጣሁት።

አንዲት የፊት ጥርሷ መሃል ሰፊ ክፍተት ያላት ሴት ሁለቱንም አልመርጥም አለች። «ሁለቱም ጥርሳቸው ጥግግት ያለ ነው፣ ይሄ ምኑ ነው የሚያምረው?» ብላኝ ሄደች። እሷን የት እንደማስገባት ስላላወቅሁ አልቆጠርኳትም።

ሃምሳ ሰው ሲሞላ መስመሮቹን ደመርኩ። የተጠረገችው ሃያ ዘጠኝ። አንቺ ሃያ አንድ።

ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ቁጥሮቹን ገልብጬ ልልክልሽም አስቤ ነበር፤ ከአሰላ ማን መጥቶ ይቆጥራል። ግን በፎቶ ዋሽቼ ነው እዚህ የደረስነው፤ በጽሑፍ ደግሞ ብደግመው ወይዘሮ ራሄል ለምን ደከመች።

ግን ስሚኝ። ሃያ አንድ የማያውቁሽ ሰዎች፣ ሥራቸውን አቁመው፣ አንቺን መርጠዋል። ፎቶዎቹ አሁንም በሩ ላይ ናቸው። ሃምሳ ካልበቃ መቶ እጠይቃለሁ። ጥር 16 ገና ሃያ ሁለት ቀን አለው፤ አልተውሽም።

ምንያህል


አሰላ
ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ምንያህል፣

ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኛ ደህና ነን።

እውነተኛውን ቁጥር ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ግን በማላውቀው ገበያ፣ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት፣ በስምንት ድምፅ ተሸንፌያለሁ። ተወዳደሪልኝ ብለው ጠይቀውኝ ነበር? ፎቶዬን ያውርዱልኝ። መቶ ሰው እንዳይጠይቁልኝ። ሁሉም እኔን ቢመርጡ እንኳ አልፈልግም።

ሌላ ነገር አለኝ። በዚህ ወር ፎቶ እንዴት እንደሚስተካከል ከስልኬ ላይ ተምሬያለሁ፤ የእኔን እንዴት እንደሠሩት ማወቅ ፈልጌ ነበር። ጉንጭ ሲገፋ ከጀርባው ያለው ነገርም አብሮ ይገፋል። በእኔ ፎቶ ላይ ከጉንጬ አጠገብ የነበረው የመስኮታችን ጠርዝ ጎብጧል። ከዚያ እርስዎ በመስከረም የላኩልንን ፎቶ ከፈትኩ። ከኋላዎ ያለው በር፣ በግራ ጉንጭዎ ትይዩ፣ ጎብጧል። አምና ለፋሲካ የላኩትም ላይ መደርደሪያው ጎብጧል። ሁልጊዜ በግራ በኩል ነው። የ2014ቱ ፎቶ ላይ ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ያለ ነው። በቪዲዮ ከደወሉልን ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው።

ለእማዬ አልነገርኳትም። የሆኑትን ነገር ይጻፉልኝ። ከዚያ ፎቶ ይነሱና ሳይነኩት ይላኩልኝ። እርስዎ ካሜራ ፊት ከቆሙ እኔም እቆማለሁ፣ ቃሌ ነው። ካልቆሙ ግን ስለ ጉንጬ ሁለተኛ እንዳይመክሩኝ።

ምዝገባው ዓርብ ጥር 16 ይዘጋል።

ሮዳስ


ጁባ፣ ካስተም
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሮዳስ፣

ፎቶዎቹን አውርጃለሁ። ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ ነው ያወረድኳቸው። ሳልጠይቅሽ መስቀል አልነበረብኝም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። በማግስቱ ኪደን «ልጅቷ የት ሄደች?» አለችኝ። ከእነዚያ ስምንት ቦዳዎችም ሁለቱ ጠየቁኝ። የቷ ስላቸው ጉንጫቸውን ነኩ። ይሄን ቆጥሬ አይደለም የምነግርሽ፤ እንዲያው የሆነውን ልንገርሽ ብዬ ነው።

«እርስዎ» ያልሽኝን አራት ጊዜ አነበብኩት። ማንበብ መቻል ጉዳትም እንዳለው ወይዘሮ ራሄል አልነገረችንም።

የሱቄ በር ቀጥ ያለ ነው። የጎበጠው እኔ ጋ ነው።

በመጋቢት 2015 ከኡጋንዳ ድንበር ከኒሙሌ የፎቶ ወረቀትና ቀለም ጭነን ስንመለስ መኪናው ተገለበጠ። ሹፌሩ ክንዱን፣ እኔ ፊቴን። የግራ ጉንጬ አጥንት ወደ ውስጥ ገባ፣ መንጋጋዬ ሁለት ቦታ ተሰበረ፣ ስምንት ጥርስ እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። ሐኪሞቹ መንጋጋዬን በሽቦ አሰሩት፤ ሰባት ሳምንት አፌ አልተከፈተም። ምንያህል ሰባት ሳምንት ዝም አለ ብትዪ በአሰላ የሚያምንሽ ሰው አታገኚም። አሁን የግራ ዓይኔ የሚከፈተው ግማሹን ነው። አፌ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ስስቅ ደግሞ ጭራሽ ወደ ጆሮዬ።

እናትሽ ያኔ አባትሽን ከቀበረች ዓመት አልሞላትም ነበር። ስልኬ ተበላሽቷል አልኳት። ትንሽ ሲሻለኝ እነግራታለሁ አልኩ። ሲሻለኝ ደግሞ ለምን ያኔ አልነገርከኝም ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። እንዲያ እንዲያ እያለ ቆየ። ፊት ማስተካከል ደግሞ ሥራዬ ነው፤ የሞላ ዕቃ አለኝ።

ዘጠና አንድ ያመጣሁት በተስተካከለው ፊቴ ነው። እውነተኛውንም አስገብቼ ነበር፤ ያን አልጻፍኩልሽም። ስልኩ አረንጓዴውን መስመር ሊያሰምር ሞከረ፣ ቆመ፣ እንደገና ሞከረ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጻፈ። ምን ይላል ብዬ ሹፌሩን ጠየቅሁት። መሬት መሬቱን አየ። «ፊት የለም ነው የሚለው» አለኝ። አንቺ ስልሳ አራት ብሎሽ ነው ያዘንሽው፤ እኔ ዜሮ እንኳ አልተሰጠኝም። ያኔ ሹፌሩ እስኪያፍር ድረስ ሳቅሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ የአንቺን ፎቶ ከፈትኩና እሷንስ ላሳምራት አልኩ። እንዲህ ነው የሆነው። ለአንቺ ብዬ የሠራሁት አልነበረም።

ትናንት ጀንነትን ፎቶ አንሺኝ አልኳት።

«ዛሬ ምን በልተሃል?» አለችኝ። ምክንያቱን ነገርኳት። «ቤተሰቦችህ አያውቁም?»

«አያውቁም።»

«እኛ በየቀኑ ስናየው ሁለት ዓመት ሆነን። ማን ሞተ?» አለችና ካሜራውን ተቀበለችኝ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሰው ሳስቀምጥበት የኖርኩት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ይነቃነቃል፤ አንድ እግሩ አጭር ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ደንበኛ አልነገረኝም። ጀንነት የእኔን ድምፅ እያስመሰለች «አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዘና፣ እዚህ ጣቴን እይ» ትላለች። ኪደን ትሪዋን አስቀምጣ ልታይ መጣች። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የጀንነት አውራ ጣት አለበት። ሁለተኛው ላይ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤ ሁለቱንም ስለሆነ እኩል ሆነው ወጥተዋል፣ ኪደን እሱን ላከው ብላኝ ነበር። የላክሁልሽ ሦስተኛው ነው። ከዚህ ሥር አለ።

ኮምፒዩተሩ ላይ ስከፍተው እጄ ወደ መጥረጊያው ሄደ። ሁለት ጊዜ ሄደ። ጀንነት ወደ ሱቋ ተመልሳ ስለነበር የሚያየኝ ሰው አልነበረም። አልነካሁትም። በሩን እዪው፣ ቀጥ ያለ ነው።

ለእናትሽ አንቺ አሳያት። መጀመሪያ አስቀምጫት። እኔ ቆሜያለሁ፤ አሁን ተራው የአንቺ ነው።

አጎትሽ ምንያህል


አሰላ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ዛሬ ጠዋት ተመዝግቤያለሁ። የመፈተኛ ቁጥሬ የተጻፈበት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው።

ፎቶህን ለእማዬ ያሳየኋት በጥምቀት ማግስት ነው። እንዳልከው አስቀመጥኳት፤ እሷ ግን ስልኩን ይዛ ተነሳችና ብርሃን ወዳለበት መስኮት ሄደች። ብዙ ቆየች። «አፍንጫው ምንም አልሆነም» አለች። በማግስቱ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፤ ራሷ ናት ፎቶህን እየዞረች ያሳየቻቸው።

እኔ ዛሬ ሻርፑን አድርጌ ነው የሄድኩት፤ ብርድ ነበር። ሰልፉ ላይ ስደርስ አወለቅሁት። ከኋላዬ የነበረችው ልጅ ፓውደር አውጥታ «ትንሽ ብቻ፣ አይታወቅም» አለችኝ። «ይታወቃል» አልኳት። የክፋት አልነበረም፣ ለራሷም እየተቀባች ነበር።

የሚመዘግበው ያው መምህር ነው። አወቀኝ። «ባለፈው ያመጣሽው የማን ፎቶ ነበር?» አለኝ። «የአጎቴ» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ ስላልገባው ካሜራውን አዞረው። ቀና በዪ አለኝ፣ ቀና አልኩ። ካነሳኝ በኋላ ኮምፒዩተሩን አይቶ ፀጉርሽ በአንድ በኩል ቆሟል፣ ልድገመው ወይ አለኝ። ይሁን፣ ተወው አልኩት። ተፈጥሮ ሳይንስ ነው ማኅበራዊ? አለኝ። ተፈጥሮ አልኩት። ቀጣይ አለ። በቃ ይኸው ነበር። ለዚህ ነው ወር ተኩል እንቅልፍ ያጣሁት።

ፎቶውን አየሁት፤ የክብሪት ሳጥን ያህል ነው፣ ምልክቱም ወጥቷል። ደስም አላለኝ፣ አላፈርኩበትም። ቀጥሎ ሒሳብ ስለነበረን ገባሁ። ስልሳ አራቱን ግን ረስቼዋለሁ ብዬ አልዋሽህም። መስታወት ሳይ አሁንም ይመጣብኛል። ይምጣ፤ እኔም ሥራ አለኝ።

ጠዋት ጫማዬን ሳስር እማዬ አጠገቤ መጥታ ቆመች። አጎትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ አለች። አፍህ በሽቦ ታስሮ በነበረበት ሰባት ሳምንት የጠጣኸው ሾርባ ነው አይደል? ማን ሠራልህ? በምን ነበር የምትጠጣው? የሚያጠጣህ ሰውስ እየሳቀብህ ነበር ወይስ እያዘነልህ? እያለች ጀመረችና ሳትጨርስ ወደ ጓዳ ገባች።

ከአሁን ጀምሮ እያጠናሁ ስለሆነ ለእኔ ረጅም ደብዳቤ አትጻፍ። ለእሷ ጻፍላት፣ እኔ አነብላታለሁ። ከሾርባው ጀምር።

ሮዳስ